ሦስተኛው ሳህን ሽምብራ

ሴቪያ፣ ስፔን፣ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ከጣሪያው የደረቀ የአሳማ ጭን በተሰቀለበት፣ ምግብ በትንንሽ ሳህን በሚሸጥበት አሮጌ ታፓስ ቤት ውስጥ፣ ልጃቸውን ግሩምን ሊጠይቁ ከደሴ የመጡት ወይዘሮ አሰገደች እና የምግብ ምርመራ ባለሙያ የሆነችው ምራታቸው ናርዶስ ባንኮኒው ጋ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ናርዶስ፦ እንግዲህ እስካሁን ያለው ይሄ ነው። የልጄ የሶልያና ፓስፖርት እርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ የፊተኛው ኪስ። ከእርስዎ ጋር ወደ ደሴ የምትሄድበት ቲኬት ለነገ ጠዋት ተቆርጧል። ግሩም «እማዬ ካለች» ብሎ ዝም ብሏል። የተሳሳትኩት አለ?

አሰገደች፦ የለም። መዘርዘሩን ታውቂበታለሽ። ልጅ ማሳደጉ ነው የጎደለሽ።

ናርዶስ፦ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እማማ። ደሴን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው።

አሰገደች፦ ትለምዳለች። እዚህስ ምን ለመደች? የጓደኛዋ ልደት ላይ፣ ያንን የተሰቀለ ነገር በዳቦ ስትገምጥ በዓይኔ አየሁ። የክርስቲያን ልጅ አሳማ ስትበላ።

ናርዶስ፦ አላወቀችም። ሰጧት፣ በላች።

አሰገደች፦ አለማወቅ ያነጻል? እናት ያላት ልጅ፣ ከመጉረሷ በፊት የሚጠይቅላት ሰው አላት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ቸል አልሽ፣ ተወሰደችብሽ። ይልቅ ያንን ሳህን ወዲህ በዪው፤ ሽምብራው መልካም ነው።

ናርዶስ፦ ሦስተኛዎ ነው።

አሰገደች፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ሦስት ቢበላ ምን አለበት? ሳህኑ እንደሆነ የስኒ ማስቀመጫ ነው የሚያህለው። ያቀምሱሻል እንጂ አያበሉሽም። ደግሞ ጾሙን ባያውቁትም ሰዓቱን ይጠብቃሉ፤ ይኸው ምሳቸው በዘጠኝ ነው።

ናርዶስ፦ ያነሳሁዎትን ፎቶ ላኩት?

አሰገደች፦ ለጽዋ ማኅበሬ? ገና በመጀመሪያው ሳህን። ሽምብራና ቆስጣዬን ይዤ፣ «በሰው አገርም ረቡዕ ረቡዕ ነው» ብዬ። አሥራ አንዱም አይተውታል። የቄሱ ሚስት «ጾምሽን ይቀበልልሽ» ብላኛለች።

ናርዶስ፦ አንድ ጊዜ ልለምንዎት፤ ሁለተኛ አልለምንም። ፓስፖርቷን ይስጡኝ።

አሰገደች፦ ሌላ ልጅ እንደማትወልጂ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ያለሽን ግሩም ነግሮኛል። አንዷን እንኳ በወጉ መያዝ የነበረብሽ ለዚያ ነበር። አልሰጥሽም። ምነው ባዶ ሳህን ላይ ታፈጫለሽ?

ናርዶስ፦ እስኪበርድ እየጠበቅሁ ነው።

አሰገደች፦ ባዶ ሳህን?

ናርዶስ፦ የመጀመሪያዎ ነው። ጠርዙ ላይ ያለውን ነጭ ነገር ይዩት። በጥፍርዎ ይንኩት።

አሰገደች፦ ዘይት ነው። ረግቷል።

ናርዶስ፦ የወይራ ዘይት እዚህ ቤት ውስጥ አይረጋም። የሚረጋው ስብ ነው።

አሰገደች፦ የምን ስብ?

ናርዶስ፦ በላይዎ የተሰቀለው።

አሰገደች፦ ሽምብራ ነው ብለሽኛል።

ናርዶስ፦ «ሽምብራ ነው?» አሉኝ፤ «አዎ» አልኩ። በምን እንደተሠራ አልጠየቁኝም። እኔ ግን ገና ሳይቀምሱት ባለቤቱን ጠየቅሁት። ነጭ ሽንኩርቱን የሚያቁላላው በአሳማ ስብ ነው። አያቱም እንዲሁ ነበር የሚሠራው አለኝ።

አሰገደች፦ እያወቅሽ አበላሽኝ?

ናርዶስ፦ የሚጠይቅልዎ ሰው ነበረዎት። ጠየቀ፣ ዝም አለ።

አሰገደች፦ እኔ እኮ አላወቅሁም። እሱ ያያል፣ አላወቅሁም።

ናርዶስ፦ አለማወቅ ያነጻል?

አሰገደች፦ ለማኅበሩ ትነግሪያለሽ?

ናርዶስ፦ ፎቶውን እርስዎ ልከውላቸዋል። የጎደለው አንድ መስመር ነው። ጽፌዋለሁ፣ ገና አልላክሁትም።

አሰገደች፦ አርባ ዓመት አብረን ጠጥተናል። ደጃቸውን አልረግጥም ከዚያ ወዲያ።

ናርዶስ፦ ይለምዱታል።

አሰገደች፦ አረመኔ ነሽ አንቺ።

ናርዶስ፦ ስምንት ዓመት ምራትዎ ነኝ።

አሰገደች፦ እንቺ። ያውልሽ ፓስፖርቷ። ለግሩምም እኔ እነግረዋለሁ። አሁን የጻፍሽውን አጥፊው።

ናርዶስ፦ ሶልያና የበላችው አንድ ቁራሽ ነበር። እርስዎ ሁለት ሳህን በዳቦ ጠርገው፣ ከሦስተኛው ያስቀሩት አራት ፍሬ ሽምብራ ነው።