ያለቦታው የደረሰ ደብዳቤ

በጎ ሐሳብ ብቻውን ሰውን ከጉዳት አያድንም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እጄ ካደረስኩት አንድ ደብዳቤ ነው። ታሪኩን የምጽፈውም ከደሙ ንጹሕ ነኝ ለማለት እንዳልሆነ አንባቢዬ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

የምሠራው በመንግሥት የኪነ ጥበብ ድጋፍ ቢሮ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ቢሮው ለቴአትር ቡድኖች፣ ለሠዓሊዎችና ለሙዚቀኞች ከሕዝብ ሀብት ድጋፍ ይሰጣል። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ በደረጃ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ የደረጃውን ብረት ይዘው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አገኘሁ። ቀና ሲሉ የድሮ አለቃዬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ይህ ደረጃ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ጨምሯል ልበል?» አሉኝ።

«ደረጃውስ ያው ነው ጋሼ፤ የጨመረው ሌላ ነው» ስላቸው ሳቁ።

ክንዳቸውን ይዤ እያወጣኋቸው የመጡበትን ነገሩኝ። የቴአትር ቡድን መሪ በሆነው ወዳጃቸው ላይ አቤቱታ ቀርቧል። አንድ ወጣት ተዋናይ፣ «መሪው በልምምድ ሰዓት ለራሱ ቤት ሥራ ብሎኬት ያሸክመናል፤ እምቢ ያለውን ከተውኔቱ ያስወጣዋል» ብሎ ጽፏል። ወዳጃቸው ግን የጸሐፊውን ስም አላወቀም።

«ስሙን ብቻ ባገኝ» አሉ፤ «ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አስታርቃቸዋለሁ። እንደ ድሮው።»

«እንደ ድሮው» ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አቤቱታውን የመዘገብኩት እኔ ነኝና። እኔ ግን ወደ አቤቱታ ክፍል ኃላፊዋ ወሰድኳቸው።

ኃላፊዋ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሕግ የተማረች ወጣት ናት። ክፍሏ ሁለት ወንበርና አንድ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን አለው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ነው የምታንጠለጥለው። ሽማግሌውን ስታይ ብድግ ብላ የተሻለውን ወንበር፣ የራሷን ሰጠቻቸው።

«ልጄ» ብለው ጀመሩ፣ «እኔ በዚህ ቢሮ አሥራ ስምንት ዓመት ስመራ አንድም ነገር ፍርድ ቤት አልደረሰም። አቤቱታ ሲመጣ ደብዳቤውን ለሚመለከተው ሰው እሰጠዋለሁ፤ አንብቦ ይታረማል። ከዚያ አስታርቃለሁ። ገበናም አይወጣ፣ ወረቀትም አይከመር።»

«ስምዎን እዚህ በክፉ የሚያነሳ የለም፣ አባቴ። ግን ደብዳቤውን ከነስሙ ነበር የሚሰጡት?»

«አዎን። ሰውን ከኋላው ማማት ነውር ነው። ያለውን ፊት ለፊት ይበል።»

«ፊት ለፊት መነጋገር ለእኩዮች ይሆናል። ይህ ልጅ ግን ነገ መድረክ ላይ መውጣት አለመውጣቱ በዚያ ሰው አፍ ነው።»

«እና ስም ደብቃችሁ ሰውን በስማ በለው ልትቀጡት ነው? ጥበበኛን ምቀኛ አያጣውም። ማንም ብድግ ብሎ በጻፈው ቡድኑን ብትዘጉት የማን ያለህ ይባላል?»

በዚህስ እውነት ነበራቸው። እሷም አልካደችም።

«በወሬ አንዘጋም» አለች። «ማን እንዳለው ሳይሆን ምን እንደተባለ ጽፈን ለመሪው እንልካለን። መልስ የሚሰጥበት ሃያ ቀን አለው፤ እስኪጣራ ድረስ ድጋፉ አይቋረጥበትም። ጥያቄውን ለቡድኑ አባላት ሁሉ እናቀርባለን፣ ጣት የሚቀሰርበት ሰው እንዳይኖር። ወንጀል ከሆነ ለሕግ እናስተላልፋለን፤ እኛ ዳኞች አይደለንም። ሥራውን አልወደድነውም የሚሉትን ደግሞ አመስግነን እንሸኛለን። ባለፈው ወር አንድ አባት፣ ግድግዳው ላይ የተሳለው በሬ እኔን ይመስላል ብለው መጥተው ነበር።»

«ይመስላል?»

«ትንሽ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ልጄ። የተጻፈ ነገር ቂም ሆኖ ይቀራል። እኔ ያስታረቅኳቸው ግን ተሳስመው ነው የተለያዩት።»

«ከተሳሳሙ በኋላስ የት ደረሱ?»

«የት ይደርሳሉ? ወደየሥራቸው ነዋ።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ የለ? አፌ ግን እሺ አላለኝም።

«ጋሼ፣ ስለዚሁ መሪ የጻፈችልንን ተዋናይት ያስታውሷታል? ያኔ ደግሞ የግቢውን አጥር ነበር የሚያሳጥራቸው። ደብዳቤዋን ከእጇ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ በእርስዎ ትእዛዝ ለእሱ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ቆሞ አነበበው፣ አራት አጠፈው፣ አመሰገነኝ። በሦስተኛው ቀን እርስዎ ፊት ተሳሳሙ። በሳምንቱ ቦታዋ ለሌላ ተሰጠ። ነገረኛ ናት ስለተባለች ሌሎቹ ቡድኖችም አልወሰዷትም።»

«አግብታ ነው የተወችው ብሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ማን?»

ያላቸው መሪው ራሱ እንደሆነ ከፊታቸው ገባን።

«አሁን ጤና ጣቢያው ውስጥ የታካሚዎችን ተራ ቁጥር ትጠራለች» አልኩ። «ድምጽ ማጉያው ከተበላሸ ቆይቷል። እሷ አያስፈልጋትም፤ ድምጿ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። እኔ ለስኳር መድኃኒቴ በየወሩ እሄዳለሁ። ተራዬ እስኪደርስ ፊቴን በጋዜጣ ሸፍኜ ነው የምጠብቀው።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ተሳስመው ነበር እኮ» አሉ።

«ተሳስመዋል፣ አባቴ» አለች ኃላፊዋ። «ሌላ ምን ምርጫ ነበራት?»

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም፤ ስለዚህም ነው መሰለኝ የገባቸው። እኒህ ሰው ክፉ አልነበሩም። ሰላም ወዳድ ነበሩ፤ ሰላሙ ግን ሁልጊዜ የሚገዛው በደካማው ወገን ድርሻ መሆኑን አላዩም። እኔ ደግሞ አይቼ ዝም አልኩ፤ የእኔ ይብሳል።

«ስሙን አልፈልግም» አሉ በመጨረሻ። «ወዳጄንም መልስህን ራስህ ጽፈህ ስጥ እለዋለሁ። እውነተኛ ከሆነ ሃያ ቀን ይበቃዋል። ያችን ልጅስ ምን እናድርግላት?»

ደብዳቤዋ መዝገብ ቤት የለም፤ ለእሱ ሰጥተነው፣ ቅጂ እንኳ አላስቀረንም። በገቢ ደብዳቤዎች መዝገብ ላይ ግን ቀኑና ቁጥሩ በእኔ እጅ ጽሑፍ ተገኘ። ኃላፊዋ ወዲያው ጻፈች፤ አቤቱታዋ በዚያ ቀን ለቢሮው መድረሱን፣ አያያዙ ስሕተት እንደነበር፣ ቢሮው ይቅርታ እንደሚጠይቅና ፈቃዷ ከሆነ ዛሬም ሊሰማት ዝግጁ መሆኑን። ጋሼ እስክሪብቶ ጠየቁ።

«እርስዎ እኮ አሁን ኃላፊ አይደሉም» አለቻቸው።

«ያኔ ነበርኩ» ብለው ከፊርማዋ በታች ፈረሙ።

ከዚህ በኋላ ስለ አዲሱ አሠራር ጥቅም ብዙ መስበክ አያሻኝም። አቤት ባዩ እንጀራውን ሳያጣ ይናገራል፤ የተከሰሰውም ሳይሰማ አይፈረድበትም። ምቀኛ ቢሮውን ዱላ አያደርገውም፣ ወዳጅም መጋረጃ አያደርገው። ሕዝብም የሰጠው ድጋፍ ተውኔት ይሁን አጥር ያውቃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

ደብዳቤውን ለማድረስ ለመንኩ፤ ተፈቀደልኝ። ጤና ጣቢያ ገብቼ እንደ ማንም ተራ ያዝኩ፤ አርባ ሰባት ደረሰኝ። ጋዜጣ አልያዝኩም። ስትጠራኝ ሄጄ ሰጠኋት፤ ቆማ አነበበችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት?» አለች።

«መንገድ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ልጅ ስለዚያው ሰው ጽፎልናል።»

«አውቅዎታለሁ። ጋዜጣውን አንዳንዴ ገልብጠው ነበር የሚይዙት።» ደብዳቤውን የስም ዝርዝሩ ሥር አስገባችው። «መምጣቱን አስብበታለሁ። ያ ልጅ ግን ከመድረኩ እንዳይወርድ፤ የእኔን እንኳ የሚመልሰው የለም።»

«አይወርድም» አልኳት። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር ለእሷ ቃል ስገባ።

ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ጠቁማኝ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ አዳራሹ ተመለከተች።

«አርባ ስምንት» ብላ ተጣራች። በሩ አጠገብ ያሉት ሳይቀሩ ቀና አሉ።