ቀንድ አውጣና የዕርቅ ሣር

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቶ ኦይታ ሁለት ኪሎ ጨው በፌስታል አንጠልጥለው ከሲቀላ ገበያ ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ አንዲት ባጃጅ አጠገባቸው ቆመች። የወረደችው የወንድማቸው ልጅ ሄራን ነበረች። ሄራን ገረሴ ተወልዳ ያደገች፣ በእፅዋት ሳይንስ ተመርቃ በቅርቡ አርባ ምንጭ ሥራ የያዘች ወጣት ናት። ጉልበታቸውን ስማ ፌስታሉን ተቀበለቻቸውና ክብደቱ ቢያስገርማት ወደ ውስጥ ተመለከተች።

"አጎቴ፣ ብቻዎን እየኖሩ ሁለት ኪሎ ጨው ምን ያደርግልዎታል? ሐኪሙ ጨው ይቀንሱ አላለዎትም?"

"እኔ ልበላው አይደለም፤ ጠላቶቼን ላበላቸው ነው።"

"ጠላት አለዎት እንዴ?"

"አሉኝ እንጂ! ቤታቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚመጡ። ቤት የሌላቸውም አሉ፤ እነሱ ይብሳሉ፣ ራቁታቸውን ነው የሚዘርፉኝ።"

ሄራን ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

አቶ ኦይታ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጫኖ የመስኖ ውሃ ሲያከፋፍሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ወንጌል የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ጓሮ የሚዘሩት የእናታቸውን የገረሴ ጎመን ነው። ገረሴ የቀሩት ዘመዶቻቸው የገበያ ዘር ከለመዱ ስለቆዩ ያ ጎመን ከእሳቸው በስተቀር ማንም ዘንድ የለም። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ዘሩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሁለት ሁለት ቅጠል እንዳወጣ ቀንድ አውጣ ጨረሰው። አሁን የተረፋቸው ግማሽ የክብሪት ቀፎ የምትሞላ ዘር ናት። ዝናቡ ሳያባራ መዝራት አለባቸው፤ ይህችም ከተበላች የእናታቸው ጎመን ከምድር ጠፋ ማለት ነው።

ጓሮው እንደደረሱ ሄራን ከመደቡ ዳር ቁጢጥ አለች።

"ጨው አይገድላቸውም አልልዎትም" አለች።

"እንዴት ትያለሽ! በዓይኔ አይቻለሁ እኮ። አረፋ ደፍቃ ነው የምትሟሟው።"

"እሷ ትሞታለች፤ ጨዉ ግን አብሯት አይሞትም። ዝናቡ ወደ ሥር ይዞት ይወርዳል። ባለፈው ወር የት የት በተኑ?"

"በዚህ በመደቡ ጠርዝ፣ ዙሪያውን።"

"እስቲ ጎንበስ ብለው ይዩት።"

አቶ ኦይታ ጎንበስ አሉ። በዚያ የዝናብ ወቅት ጓሮው ሁሉ በአንድ ሌሊት አረም ሲለብስ፣ የመደቡ ጠርዝ ግን አንድ ስንዝር በሚያህል ስፋት ራቁቱን ቀርቷል። ሰርዶ እንኳ ጫፉ ደርሶ ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

"ሰርዶ ያልቻለውን መሬት የእማማ ጎመን ይችለዋል?"

ሽማግሌው ፌስታሉን ወስደው ከበሩ ኋላ አስቀመጡት። ሰው የለመደውን መድኃኒት የሚተወው ሌላ ስለተሰበከለት ሳይሆን የራሱ መድኃኒት የሠራውን ጉዳት በዓይኑ ሲያይ ነው።

"እሺ፣ ጨዉ ይቅር። ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልያቸው?"

"አዎ፣ ይዩአቸው። አምስት ቀን ብቻ። ከየት እንደሚመጡ ሳናውቅ ምኑን እንከላከላለን?"

"ከየት ይመጣሉ? ከዝናቡ ጋር ነው የሚወርዱት።"

"እንግዲያው ጣራዎ ላይም መገኘት አለባቸው።"

አቶ ኦይታ ሳይታወቃቸው ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ፤ ወዲያው ማየታቸው አናደዳቸው።

ሄራን አንድ አሮጌ ጆንያ አራት ቦታ ቀደደች። ቁርጥራጮቹን ውሃ ነክራ፣ ከሥራቸው የፓፓያ ልጣጭ አድርጋ በጓሮው አራት ማዕዘን አነጠፈቻቸው፤ አንዱን በቧንቧው በኩል፣ አንዱን በወጥ ቤቱ፣ አንዱን በበሩ፣ አንዱን በጎረቤታቸው በወይዘሮ ሙሉዬ በኩል ባለው አጥር ሥር። ቀንድ አውጣ ፀሐይ ሲወጣ ጥላና እርጥበት ፈልጎ ስለሚገባ ማለዳ ማለዳ ከየጆንያው ሥር ያለውን እየቆጠሩ እንዲጽፉ አደራ አለቻቸው። በባዶ እጅ እንዳይነኳቸውም አስጠነቀቀች፤ ሰው የሚያሳምም ትል ሊይዙ ይችላሉና። እጅ ላይ ፌስታል አጥልቆ፣ ለቅሞ፣ ሳሙና ያለበት ባልዲ ውስጥ መጨመር ነው፤ ቀጥሎ እጅን መታጠብ።

አቶ ኦይታ የውሃ ተራ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸውና መመዝገቡን ወደዱት። በመጀመሪያው ማለዳ በቧንቧው በኩል ሁለት፣ በወጥ ቤቱ አራት፣ በበሩ አንድ፣ በወይዘሮ ሙሉዬ በኩል አርባ ሦስት አገኙ። በማግስቱ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት። ከዚያ በኋላም ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ቢል እንጂ ቦታው አልተለወጠም።

ሐሙስ ገና ጎህ እንደቀደደ ሄራን መጣች። ደብተሩን አንብባ ለአጎቷ መለሰችላቸው።

"ምን አዩ?"

"ያየሁትን ጽፌዋለሁ።"

በእርጥቡ አፈር ላይ የቀንድ አውጣዎቹ መንገድ እንደ ብር ክር ያበራል፤ ሁሉም ክር በወይዘሮ ሙሉዬ በኩል ባለው በአቶ ኦይታ አጥር ሥር ይገባል። ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ ሙሉዬ አጥር አለ። በሁለቱ አጥሮች መካከል ደግሞ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሣሩ ደረት የሚደርስ መሬት ተኝቷል።

የዚህ መሬት ነገር እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩት የወይዘሮ ሙሉዬ ባል በሕይወት ሳሉ፣ ሁለቱ ቤቶች በወሰን ተጣልተው ነበር። የሠፈሩ ሽማግሌዎች አቶ ሽበሺን አስቀድመው፣ የጋሞ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መጡና አስታረቋቸው። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ እንዲሉ፣ በመካከል የቀረው መሬት የማንም እንዳይሆን፣ ማንም እግሩን እንዳያገባበት ተወሰነ። ሁለቱም ወገን ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሳችሁ ይባባላሉ፤ ሌላ ቃል ግን በሁለቱ አጥሮች ላይ ተሻግሮ አያውቅም።

"ሣሩ መታጨድ አለበት" አለች ሄራን።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ጎሜ ነው። የጋሞ ልጅ ነሽ፤ የተከለከለውን የጣሰ ሰው ምን መዘዝ እንደሚከተለው ልነግርሽ አይገባም።"

"አጎቴ! ወንጌል የሚያስተምሩ ሰው ሆነው ጎሜ ይላሉ?"

"ቃል ገብቶ ማፍረስ በወንጌልስ ተፈቅዷል? እስቲ ጥቅሱን አሳይኝ።" ድምፃቸው ከፍ አለ። "ሣር ይዘው አስታረቁኝ፤ እኔ ሣሩን አጭጄ ላዋርዳቸው? ጎመኔ ይጥፋ እንጂ ይህን አላደርገውም!"

ሄራን የጀመረችውን ሙግት ተወችው። የተማረችው ስለ ቀንድ አውጣ እንጂ ስለ ቃል ኪዳን አልነበረም፤ የአጎቷም ሙግት ተራ ግትርነት እንዳልሆነ ገብቷታል።

በዚህ መካከል ከማዶ አንድ እጅ ከነጣሳው በአጥሩ ላይ ብቅ አለና ጣሳውን ገለበጠው። አንድ ነገር ሣሩ ውስጥ ተንጠባጠበ።

"ማነው?" አሉ አቶ ኦይታ።

እጁ ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ ነጠላ ያጣፉት የጡረተኛዋ መምህርት የወይዘሮ ሙሉዬ ፊት ታየ።

"እንደምን አደሩ አቶ ኦይታ። አዩኝ እንዴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምንድን ነው የሚጥሉት እትዬ ሙሉ?"

"ቀንድ አውጣ ነው። ሰላጣዬንም ቆስጣዬንም አላተረፉልኝም። መግደሉ ከበደኝ፣ ነፍስ አይደሉ? ወደ እርስዎ ግቢ መወርወር ደግሞ ነውር ነው። እና የማንም ወዳልሆነው..."

ሄራን ወደ አጎቷ ዞረች።

"አጎቴ፣ እርስዎስ ጨው ከመጀመርዎ በፊት የለቀሙትን የት ነበር የሚጥሉት?"

አቶ ኦይታ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ።

"...እኔም እዚያው" አሉ።

ወይዘሮ ሙሉዬ አጥሩን ይዘው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ተጋግዘን ቀንድ አውጣ ስናረባ ኖረናል በሉኛ! ምንኛ የተስማማን ጎረቤቶች ነን!"

አቶ ኦይታም ሊይዙት ቢሞክሩ ሳቁ አመለጣቸው።

ሄራን እግሯን ሳታስገባ በረጅም ዘንግ ሣሩን ገለጥ አድርጋ አንድ የበሰበሰ ጣውላ ገለበጠች። ከሥሩ የማሽላ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ እንቁላሎች በክምር በክምር ሆነው ታዩ። "እነዚህ ጥቂት ሳምንት ቢቆዩ ይፈለፈላሉ" አለች። "ያን ጊዜ የማን ጓሮ ይተርፋል?"

"አጎትሽ ሣሩ አይታጨድም ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ። "ልክ ናቸው፤ ቃል ቃል ነው። ግን አቶ ኦይታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ዕለት አቶ ሽበሺ በእጃቸው የያዙት ሣር ከየት መጣ?"

"ከሜዳ።"

"እንዴት መጣ?"

አቶ ኦይታ ቆም ብለው አሰቡ። "ታጭዶ" አሉ ቀስ ብለው።

"ታጭዶ! ቆሞ የበሰበሰ ሣር ይዞ ያስታረቀ ሽማግሌ እኔ አላየሁም።"

አቶ ኦይታ ያንን የተቆለፈ አረንጓዴ መሬት ተመለከቱ። ከዚያም "ቃሉን ያሰሩት ሰዎች አሉ፤ የሚፈቱትም እነሱ ናቸው። እትዬ ሙሉ፣ ይመቸዎት እንደሆነ ዛሬ ከሰዓት አብረን አቶ ሽበሺ ዘንድ እንሂድ" አሉ። በዚያ ቀን የሠፈሩ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲሄዱ አይቶ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ።

አቶ ሽበሺ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ።

"እኛ የከለከልነው አንዱ በሌላው ላይ እንዳይገባ ነው። ሁለታችሁ አብራችሁ ከገባችሁ ማን በማን ላይ ገባ? ነገ ማለዳ፣ በአንድ ላይ፣ እኔ ባለሁበት ትገባላችሁ። ከእንግዲህም በየወሩ በአንድ ላይ ታጭዱታላችሁ፤ ማንም ለብቻው አይግባ። ደግሞስ ይህን ለመጠየቅ ስድስት ዓመት ፈጀባችሁ?"

በማግስቱ ሣሩ ታጨደ፤ የበሰበሰው ጣውላ፣ የተሰበረው ድንጋይና የሙዝ ግንድ ተለቅሞ ወጣ፤ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ። ሥራው ሲያልቅ ግን ሄራን አንድ ነገር ቀርቶኛል አለች።

"ዝናብ በሌለበት ቀን ጓሮዎን መቼ ነው የሚያጠጡት?"

"ማታ ነዋ! ውሃውን ፀሐይ እንዳይጠጣው። ስለ ውሃ ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው? ሃያ ስድስት ዓመት አከፋፍያለሁ!"

"ለማን ለማን እንዳከፋፈሉ ያውቃሉ። ይህን የማታውን ግን ቀንድ አውጣ ነው የሚሰለፍበት። ሌሊቱን የሚሄደው እርጥብ መሬት ላይ ነው። ማለዳ ቢያጠጡ፣ ጎመኑ ቀኑን ሲጠጣ ውሎ የመሬቱ ገጽ እስኪመሽ ይደርቃል።"

አቶ ኦይታ ለመከራከር አፋቸውን ከፈቱ፤ ደብተራቸውን አስታወሱና ዘጉት። "በቁጥር አየዋለሁ" ብቻ አሉ።

የመጨረሻዋን ዘር ግንቦት ሦስት ቀን ዘሩ። በመደቡ ዙሪያ ደረቅ አመድ ከተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ጋር አደረጉ፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥርም አደሱት። ጆንያዎቹን ማለዳ ማለዳ እየገለጡ ቆጠሩ። በወይዘሮ ሙሉዬ በኩል አርባ የነበረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ፣ በወሩ ሁለት ሆነ። አንድ ማታ እጃቸው ለምዶ ቢያጠጡ በማግስቱ አሥራ አንድ አገኙና ለማንም ሳይናገሩ ዳግመኛ አልሞከሩትም። ከበቀለው ጎመን ሠላሳ አንዱ አደገ። በአጥሩ ማዶም ሰላጣው ቀና። አንድ ሰው ጓሮውን ብቻውን ቢያጸዳ ቀንድ አውጣው ጎረቤት አድሮ ይመለስበታል፤ ሁለት ጎረቤት አብረው ቢያጸዱ ግን መርዝ ሳይገዙ፣ መሬታቸውን በጨው ሳያቃጥሉ፣ ልጅም ዶሮም ሳይጎዳ ቅጠላቸውን ይበላሉ። ይህን አቶ ኦይታ አሁን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላገኙት ሁሉ ይናገራሉ፤ ያላመነውንም ደብተር እንዲይዝ ይመክሩታል።

መስከረም ላይ የጎመኑ ፍሬ ደረቀ። አቶ ኦይታ ዘሩን አበጥረው ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ሄራን ገረሴ እንድትወስደው። ሦስተኛውን ይዘው ወይዘሮ ሙሉዬ ደጅ ቆሙ።

"ይህን ሁሉ ለእኔ?" አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ። "የእናትዎን ዘር እንዲህ ሲበትኑት አይሳሱም?"

"ስለምሳሳ ነው የምሰጥዎት። የእኔ ድንገት ቢጠፋ ካለው ሰው ለምኜ እዘራለሁ።"

"ባለፈው ሚያዝያ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮስ ከማን ሊለምኑ ነበር?"

አቶ ኦይታ በእጃቸው ወዳለው ዘር፣ ቀጥሎም ወደ ሴትዮዋ ተመለከቱ። ወይዘሮ ሙሉዬም በሩን በሰፊው ከፍተው፣ "ይግቡ እንጂ፤ መደቡን ለክተው ያሳዩኛል፤ እኔ እንደሆነ ቆስጣ እንጂ ጎመን ዘርቼ አላውቅም" አሏቸው።