«‹ብዪ፣ ኦፕራሲዮን ልትሆኚ ነው!› ይሉኛል ዘመዶቼ።»

ከየቡ ወደ ጅማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ወፍራም ሴትዮ አጠገባቸው ያለውን የሕክምና ተማሪ አፋጠው ይዘውታል።

«ኩላሊቴ ላይ ዕጢ ተገኝቷል። ዶክተሩ ግን መጀመሪያ ክሺ ይለኛል። እስክከሳ በሽታው ቆሞ ይጠብቀኛል እንዴ?»

«እናቴ፣ ጎንዎን በሰፊው ቀደው ነው የሚያወጡት። ሰውነት ሲወፍር ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ሊያመረቅዝ ይችላል።»

«ሌላ ዘዴ የለውም?»

«ውጭ አገር በሮቦት ይሠራል። ሮቦቱን የሚያዘው ሐኪሙ ነው። በትንንሽ ቀዳዳ ስለሚገባ ለወፍራም ሰው ይሻላል ይላሉ።»

«ታዲያ እዚህ ወፍራም ሰው የለም? ወይስ የእኛ ጎን ለቢላ ነው የተፈጠረው?»

«እውነትዎን ነው። እስከዚያው ግን ትንሽ ቢቀንሱ...»

«በየት በኩል ልቀንስ? ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው ሲባል ዘመድ ሁሉ ጎረፈ። አንዷ ገንፎ፣ አንዷ ማር፣ አንዷ ቅቤ። ‹ደም የሚተካ ነገር ብዪ!› ይላሉ። እምቢ ካልኩ ኩርፊያ ነው።»

«ዶክተሩ እንደከለከለዎት አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ! ‹እሱ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል› አሉኝ። ከወር በኋላ ቢመዝነኝ፣ ወላሂ፣ ጨምሬ ተገኘሁ። እሱ ደግሞ በእኔ ላይ ይጮኻል። እነሱን ማን ይቆጣልኝ?»

ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ያ ረቢ! እንወድሻለን እያሉ ሊገድሉኝ ነው!»

እኔ ሆስፒታል ተኝታ ኦፕራሲዮን ለምትጠብቀው እህቴ የያዝኩትን ለጋ ቅቤ ቀስ ብዬ ከጉልበቴ ላይ አነሳሁና ከመቀመጫው ሥር ደበቅኩት።