ያልተነበበው ማስተካከያ

ኦልፋ ወደ ቱኒስ የሚሄደው ሉዋዥ የሚሉት የጋራ ታክሲ እስኪሞላ ስፋቅስ ከተማ መናኸሪያ ቆማ ሳለ፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጡትን ሽማግሌ ቀድሞ ባየችው ፎቶ ለየቻቸው። አገሬው አቶ እንደማለት ሲ ሻድሊ የሚላቸው ናቸው፤ ነርሶች ለሕፃናት የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበትን ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የጀመሩት ሰው። ለዚያ ፕሮግራም ማንም ማስተካከያ ጽፎ መላክ ይችላል፤ ይግባ አይግባ የሚሉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። የኦልፋ ማስተካከያ ከረመዳን በፊት ተልኮ እስካሁን መልስ አላገኘም። ደሟ ፈላ፤ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ሲ ሻድሊ፣ ኦልፋ እባላለሁ። የኮማዋን ስህተት አርሜ የላክሁልዎ እኔ ነኝ።"

"ብዙ ሰው ይልካል፣ ልጄ። የማላውቀውን ሰው ሥራ ሁሉ ሳነብ ልሙት?"

"የሚያውቁትንስ ያነባሉ?"

"ከናስር ጋር ይህን ፕሮግራም ስንጽፍ ነው አብረን ያረጀነው። የሱን ሥራ መበርበር፣ አላምንህም ማለት ነው። ነውር ነው!"

"ስህተቱን ያስገባው እኮ የሲ ናስር ማስተካከያ ነው! ነርሷ ሰባት ተኩል ኪሎ ለማለት 7,5 ብላ ስትጽፍ ፕሮግራሙ ኮማዋን ይውጣትና 75 ያደርገዋል። እህቴ ጋቤስ ውስጥ ነርስ ናት። ለጡት ልጅ የአዋቂ መጠን አሳያት። መርፌውን ከሞላች በኋላ ነው ልጁን አየት አድርጋ የደነገጠችው። ባትደነግጥስ ኖሮ? እናቲቱን 'ናስር ወዳጃችን ስለሆነ አላነበብነውም' ልንላት ነበር?"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ታላቅ ሰው ላይ ድምፅ ማንሳት አይገባም የሚል ይኖር ይሆናል። ሕፃን ሊገድል የሚችል ስህተት በይሉኝታ ሲሸፈን አይቶ ዝም ማለት ግን ከዚያ የባሰ ነውር ነው።

ሲ ሻድሊ ላፕቶፓቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፈቱ። ማስተካከያዋን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

"የኮማዋ ነገር ልክ ነው። ነርሷ ክብደቱን ሳትጽፍ ባዶ ብትተወውስ? ያንቺ ኮድ ዜሮ ብሎ ያልፈዋል እኮ። ማስቆም ነበረበት።"

ኦልፋ ጎንበስ ብላ መስመሩን አየችው።

"እውነትዎን ነው፤ አላየሁትም" አለች። ቀጥላም፣ "አሁን እኔን መስደብዎ ነው?"

"ምን በወጣኝ! ስህተትሽን አሳየሁሽ እንጂ።"

"ታዲያ የሲ ናስርን ቢያነቡለት መቼ ስድብ ይሆን ነበር?"

"አክብሬው መስሎኝ ነበር" አሉ ሽማግሌው፤ "ለካ ከስህተቱ ጋር ብቻውን ነው የተውኩት።"

ኦልፋ መንገድ ላይ ኮዷን አረመችው፤ እሳቸው ደግመው አንብበው አስገቡት። ወዲያው ናስር ጋ ደወሉ። ናስር ሲጮህ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር፤ የሕፃኑን ነገር ሲነግሩት ግን ጩኸቱን ትቶ የትኛው መስመር እንደሆነ ጠየቀ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የወዳጅም ሆነ የእንግዳ ሥራ ሌላ ሰው ሳያነበው አይገባም። ስህተቱ ነርሶቹ ጋ ሳይደርስ ይያዛል፤ አዲስ ሰው መልስ ያገኛል፣ ከእርማቱም ይማራል፤ የማንበቡ ሸክምም የአንድ ሽማግሌ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ሲ ሻድሊ ራሳቸው የጻፉት የመጀመሪያው ማስተካከያ እንድታነበው ለኦልፋ ተሰጣት። አንብባ "እንዲህ አይገባም" ብላ ከነምክንያቱ መለሰችላቸው። ማታውኑ ጻፉላት፦ "አንቺ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረብሽም! አርሜዋለሁ፤ ደግመሽ እዪው።"