በአሮጌው ላይ የተለጠፈ ሲሊኮን

የሆስፒታል ወጥ ቤት የሚያስተዳድር ሰው እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ለቤቴ አምፖል ልገዛ የግንባታ ዕቃ መደብር ብገባ፣ የወጥ ቤቴ ጣጣ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለት ሰዎች መደርደሪያው ፊት ይከራከራሉ። አንደኛው ሠላሳ ዓመት ስንጥቃችንን ሲደፍኑ የኖሩት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ለጥፍ» የሚላቸው ጠጋኛችን ናቸው። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ የሙያ ትምህርቷን ጨርሳ ከእሳቸው ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው።

«እንኳን መጡ፣ አለቃዬ!» አሉኝ ጋሼ። «ከዚህች ልጅ ይገላግሉኝ። ሲሊኮን ልታስተምረኝ ነው እኮ!»

ደክሞኝ ነበር፤ ግን ነገሩ የእኔም ነው። ከማጠቢያ ገንዳው ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ፣ ጥቁር ሻጋታ ተገኝቶ ሁለት ጊዜ ተጽፎብናል። የጤና ተቆጣጣሪዋ ማክሰኞ ትመለሳለች፤ ያን ጥቁር ደግማ ካየች ወጥ ቤቱ ይታሸጋል፣ መቶ ስልሳ ሕመምተኛም ትኩስ ምግብ ያጣል።

«ይኸው» አሉ ጋሼ የያዙትን የስንጥቅ መድፈኛ ሲሊኮን ቱቦ እያሳዩኝ፣ «የመታጠቢያ ቤት ነው፣ ሻጋታ ይገድላል። ጠላታችን ሻጋታ ነው፤ ታዲያ ከዚህ የተሻለ ምን ይምጣ?»

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ልክ መስሎኝ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ» አለች ልጅቱ፣ «ሻጋታውን የሚገድለው እኮ መርዝ ነው። መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ማንም ምግብ አያስቀምጥም። እኛ ግን የምንቀባው ሰላጣ የሚታጠብበት ገንዳ ጠርዝ ላይ ነው። እኔ የያዝኩት ይኼኛው የብርጭቆና የሹካ ምልክት አለው፤ ለምግብ ቦታ የተሠራ ነው።»

«ብርጭቆና ሹካ መሳልማ እኔም እስላለሁ!»

«እውነትዎን ነው፣ ሥዕሉን ብቻ አንመን። ማረጋገጫ ወረቀቱን ባለመደብሩን እንጠይቀው።»

ባለመደብሩ ወረቀቱን አወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ደግ፣ ያንቺው ይገዛ። በአሮጌው ላይ ሳብ አድርገን እንቀባውና እንገላገል።»

«በላዩ ላይ አይሆንም፣ ጋሼ። አሮጌው መነቀል አለበት።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ሁሉ ስንነቅል ልንውል ነው?»

እየተነታረኩ ሆስፒታሉ ደረስን፤ አምፖሌንም ሳልገዛ ቀረሁ። ልጅቱ ገንዳው ሥር ተንበርክካ የአሮጌውን ሲሊኮን ጫፍ በምላጭ ሰንጥቃ ሳበችው። ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ተላቀቀ። ፊቱ ነጭ ነው፤ ሲገለበጥ ጀርባው የሚያዳልጥ ጥቁር፣ ሽታው አፍንጫ የሚያስይዝ። በምላጩ ስትቆርጠው አራት ድርብርብ ታየ፣ በየመሐሉም ያው ጥቁር።

«አራቱም የእኔ ናቸው» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «የጣቴ አካሄድ ያስታውቃል። በምራቄ እያረጠብኩ ነበር የማለሰልሰው፣ እንዳይጣበቅ…» ብለው የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙትና ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

ልጅቱ አልሳቀችም። «እጅዎማ የሚያስቀና ነው፣ ጋሼ። ግን አዲስ ሲሊኮን አሮጌውን በደንብ አይይዝም። በመሐሉ ውሃ ይገባል፣ ፍርፋሪ ይከተላል፣ እዚያው ይበሰብሳል። ሸፈንነው እንጂ አልዘጋነውም።»

ሽማግሌው የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። «ሰው ሊድን የሚበላውን ምግብ እኔ ሳበላሸው ኖሬያለሁ?» አሉ። አንጀቴን በሉት። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ «ቶሎ ይበሉ ጋሼ፣ እራት ደረሰ» እያልኩ የማጣድፋቸው እኔ ነበርኩ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ከባልዲው ተነሡ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። አሮጌው ተፋቀ፤ ቅባቱ በሳሙና ታጠበ፤ ቦታው እስኪደርቅ ተጠበቀና በአልኮል ተወለወለ። ልጅቱ መስመሩ ቀጥ እንዲል ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ፕላስተር ለጠፈች። ቱቦውን ግን ለአጎቷ ሰጠች። እሳቸው ባንድ ትንፋሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡት፤ ያለሰለሱትም በንጹሕ የፕላስቲክ መጥረጊያ ነው። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ድስት ተሸክማ መጥታ «ውሃ ልክፈት?» ብትል፣ ጋሼ ከእኛ ቀድመው «ቱቦው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሳይሞላ ጠብታ አይነካውም! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሏት። ሁለት ቀን ሙሉ በትንሹ ገንዳ እያጉረመረምን አጠብን።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪዋ ጠርዙን በጥፍሯ ሞከረች፣ በባትሪ አየች፣ ፈረመች። እኔ ተነፈስኩ። አንድ ጊዜ በትክክል የተዘጋ ስንጥቅ ለረጅም ጊዜ ያሳርፋል፤ ውሃ አይሰርግም፣ በረሮ አይጠለልበትም፣ በየጊዜው መለጠፍም ይቀራል። ይህን በልቤ እየቆጠርኩ ልሸኛት ስል ጋሼ መንገዷን ዘጉ።

«አንዴ ይታገሱኝ» አሏት። «በየሕሙማኑ ክፍል ሻይ በሚፈላበት ቦታ ዘጠኝ ማጠቢያ ገንዳዎች አሉ። እርስዎ አላዩአቸውም። ሁሉንም በላይ በላዩ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ይጻፉብኝ።»

ዘጠኝ ገንዳ! ተቆጣጣሪዋ ግን ጋሼ ራሳቸው ስለተናገሩ ቅጣቱን ትታ፣ ዘጠኙን የምናድስበት የአሥራ አምስት ቀን ጊዜ ጻፈችልን።

ጋሼ ምላጩን ለወንድማቸው ልጅ አቀበሏት። «ነይ፣ አስተማሪዬ» አሉ፣ «አንቺ አሮጌውን ትነቅያለሽ፣ እኔ አዲሱን እስባለሁ።»