የጋሽ ሜትር ታሪክ፣ ከሜትሩ ሌላኛው ጫፍ

ለቅሶ ልትደርሱን የመጣችሁ ወገኖች፣ የምነግራችሁን እንደማታምኑኝ ከወዲሁ እምላለሁ፤ እኔ ተናግሬ ያመናችሁበት ቀን ስለሌለም አልፈርድባችሁም።

ታላቅ ወንድሜ፣ እናንተ ጋሽ ሜትር የምትሏቸው፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከእናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ሲወለዱ፣ አዋላጇ እትብታቸውን ልትቆርጥ መቀሱን ስታነሣ ዐይናቸውን ገልጠው “ለክተሽዋል?” በሚል አስተያየት እንዳዩዋት አክስታችን ምላ ትናገር ነበር። በአባታችን ሜትር እየተጫወቱ አደጉ፤ ድመቷን፣ በሩን፣ የእኔንም ጆሮ ሳይለኩ የዋሉበት ቀን የለም። በትምህርታቸው አንደኛ እየወጡ ሲሄዱ፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተመልሼ የብስክሌት ጎማ ለጣፊ ሆንኩ።

ከዚያም በትራፊክ ፖሊስነት ተቀጥረው፣ ብስክሌትና መኪና የተጋጩበትን አደጋ በመመርመር ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ከቦታው ሲደርሱ ከሁሉ አስቀድመው ብስክሌቱ የወደቀበትን በጠመኔ ከበው፣ የመኪናውን የፍሬን ጭረት ለክተው፣ የተጣመመውን ቸርኬ በጣታቸው ዳብሰው፣ ግጭቱ ከየት እንደመጣ ሹፌሩ አፉን ሳይከፍት ይናገሩ ነበር። ባለቤታቸውን እትዬንም ያገኟቸው በዚሁ ሥራ ነው፤ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበሩና፣ የቆሰለው ቀኝ ጉልበት ነው ወይስ ግራ እያሉ ለመጠየቅ አርባ ጊዜ ተመላልሰው፣ በአርባ አንደኛው ስለ ጉልበት ሳያነሡ ቀሩ። ሁለት ሴት ልጆችም ወለዱ።

አሁን የማላመልጥበት ቦታ ደረስኩ። ከጎማ መለጠፊያዬ ፊት ለፊት አንድ የእንቁላል ነጋዴ በራሳቸው መስመር ብስክሌታቸውን እየነዱ ሳለ የጭነት መኪና ገጫቸውና እግራቸው ተሰበረ። እኔ ደግ ልሁን ብዬ፣ ቁስለኛውን የሚወስደው መኪና እንዲያልፍ ብስክሌቱን ጎትቼ ማዶ ባለው መስመር አጋደምኩት፤ ሰው እንዳያንሸራትት ብዬም በፈሰሰው እንቁላል ላይ አሸዋ ደፋሁበት። ወንድም ጋሼ መጥተው “የተነካ ነገር አለ?” ቢሉኝ፣ እነዚያን ዐይኖች ፈርቼ “ዝንብም አልነካው” አልኳቸው። እርሳቸውም የወንድማቸውን ቃል አምነው፣ ብስክሌቱ መስመር ስቶ መኪናው ፊት ገባ ብለው ጻፉ። ነጋዴው እግራቸው በጄሶ እንደታሰረ ጥፋተኛ ተባሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝናብ አሸዋውን አጠበው። ወንድም ጋሼ በዚያ ሲያልፉ፣ በነጋዴው መስመር ላይ በአስፋልቱ ስንጥቅ የተሰካ የእንቁላል ቅርፊት አይተው፣ ተንበርክከው ለኩ። ዳኛው ፊት ቀርበውም “ስሕተቱ የእኔ ብቻ ነው” አሉ፤ የማንንም ስም አላነሡም። ነጋዴው ነፃ ወጡ፤ ለወንድም ጋሼ ታስቦ የነበረው የክፍል ኃላፊነት ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ወሬ አያልቅበትም የምትሉኝ ሰውዬ፣ ያችን አንዲት ወሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋጥኳት።

የባሰው ደግሞ፣ ከዚያ ወዲህ በሄዱበት አደጋ ሁሉ እኔን እያስጠሩ የሜትሩን ጫፍ ያስይዙኝ ነበር። መንደርተኛው “ወንድሙን እንዴት ቢያምነው ነው!” ሲል፣ ያ ሜትር በእጄ ላይ እንደ ፍም ይፋጅ ነበር።

ወንድም ጋሼ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ አልጋቸው ከመስኮቱ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለሐኪሙ በነገሩ ማግስት፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ በደለኛ ወንድም ትተው ሄደዋል። የእንቁላል ነጋዴው እዚሁ ሦስተኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ ጋሼ፣ ብስክሌትዎን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ፈጣሪም የወንድሜን ነፍስ ሜትር በማይደርስበት ሰፊ ዕረፍት ያኑርልን።

በዚህ ልጨርስ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ይህን ጽሑፍ፣ ከቤት ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ፣ አስቀድሜ ለእትዬ አነበብኩላቸው። የወንድም ጋሼን የደንብ ልብስ ማጣጠፍ ሳያቆሙ እንዲህ አሉኝ፦

“ያውቅ ነበር እኮ። ሜትሩን ያስይዝህ የነበረው ለምን መሰለህ? እጅህ ብስክሌት እንዳይነካ ነው።”