ሽማግሌ ያስጠፋው ፎቶ

— ሄሎ?… አቤት… ሀብቴ ነኝ፣ አዎ… ማን ልበል?… አይሰማም፣ ትንሽ ጮክ ይበሉ… ስልክ ጠጋኝ ከሆነ የሚፈልጉት ተሳስተዋል፣ እኔ አልጠግንም… ማን?… ሙባሪክ! አንተ ነህ እንዴ! አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ! ምን ላድርግ፣ ቁጥሩን አላወቅሁትም እኮ…

— እግሬ? እግሬማ ዛላምበሳ ቀረ፣ ተሸክመህ ያወጣኸኝ አንተ፣ አሁን እኔን ትጠይቀኛለህ?… ሰው ሠራሹ ደህና ነው፣ ዝናብ ሲሆን ነው የሚያስቸግረኝ። ያንተስ ትከሻ?… አልሃምዱሊላህ በል…

— አዎ፣ ወልቂጤ ነኝ፣ ሥልጠናው ላይ… «ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኗል» አሉህ? ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚለው! አይደለም። እዚህ ያለነው በሙሉ የቆሰልን ወታደሮች ነን። ከስልክና ከኮምፒውተር ውስጥ የተደበቀ ማስረጃ ማውጣት ነው የሚያስተምሩን… የምን ማስረጃ? ሕፃናት ላይ ክፉ የሚሠሩ ሰዎች አሉ አይደል? ፎቶ የሚያነሷቸው፣ በፎቶው የሚያስፈራሯቸው… አዎ፣ እነሱን ለመያዝ። ይሄንኑ ብዬ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ጎሽ፣ እንኳን መጣህልን፣ ፕሪንተራችን ወረቀት እየበላ ነው!»… አትሳቅ! እውነቴን ነው። እስካሁን አንድ ትክክለኛ ጉዳይ የሰጠን የለም። ለልምምድ የተዘጋጀ ዲስክ ስንፈትሽ እንውላለን…

— ተረፈ! አንተ ተረፈ! በሩን ዝጋው፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት አላሰማኝ አለ!… መብራት ሄዶብን ነው ሙባሪክ። ቀጥል፣ ትሰማኛለህ?…

— ማን ምን ሆነች?… የእትዬ ዘይባ ልጅ? የእህትህ?… ቆይ፣ ስሟን በስልክ አትጥራ። አትጥራ አልኩህ! «ልጅቷ» ካልከኝ ይበቃኛል… ሰባተኛ ክፍል ደረሰች እንዴ?… እሺ…

— እሺ… ሞባይል ቤት ያለው ሰውዬ… እዚያው ቡታጅራ… አታሎ ፎቶ አነሳት… «ካልመጣሽ ለሰው አሳያለሁ» እያለ… ይሄ ውሻ!… ይቅርታ። ይቅርታ ሙባሪክ፣ ሆዴ ነው የተቃጠለው። አባት የላት፣ አንተን አጎቷን እያየ እንኳ አልፈራም?… ለፖሊስ ሰጣችሁት አይደል?…

— ሽማግሌ አስቀመጣችሁ።… ማን ፊት?… እየሰማሁህ ነው…

— ሐጂ ጀማሉ ፊት… ቁርኣን ይዞ ማለ… ከዚያ እናንተ ፊታችሁን አዞራችሁና እሱ አንድ በአንድ አጠፋ… ስልኩ ደግሞ ለካሳ ለእናንተ ተሰጠ… ኧረ በእግዚአብሔር! ሙባሪክ! ማስረጃውን እኮ ነው ቁጭ ብላችሁ ያስጠፋችሁት!

— አልናቅሁም! ሐጂ ጀማሉን እንደ አባቴ ነው የማያቸው። በድንበር ቢያስታርቁ፣ በከብት ቢያስታርቁ ጉልበታቸውን እስማለሁ። ይሄ ግን የድንበር ነገር ነው? ሰባተኛ ክፍል ያለች ሕፃን ከባለ ሱቅ ጋር ምን ተጣልታ ነው የምትታረቀው?… ነውሩ ተሸፈነ። ተሸፍኗል፣ አዎ። ለማን? ለእሱ! ሱቁን ከፍቶ ተቀምጦ የለም እንዴ?… ይኸው። አንድ ለአምስት ተሰብሰቡ ስንባል ማንም አይቀርም፣ ልጅ ስትነካ ግን ሁላችንም ፊታችንን እናዞራለን…

— እሺ፣ ትቼዋለሁ። አሁን የደወልከው ምን እንድልህ ነው?… እትዬ ዘይባ እንቅልፍ አጡ… «እውነት ጠፍቷል ወይ፣ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ» አሉ… እና እኔ «ጠፍቷል፣ ይተኙ» ልበላቸው?…

— አልልም።… አልልም ሙባሪክ፣ ምክንያቱም አልጠፋም… ሰምተኸኛል። ሺ ጊዜ ቢምልም አልጠፋም። ስማ፣ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ስትቀብር ላዩን በእንሰት ቅጠል ትሸፍነው የለም? ላዩን ያየ ሰው ምንም የለም ይላል። ከታች ግን አለ። ስልክም እንደዚያው ነው። «አጥፋ» ስትለው ቅጠል ነው የሚያለብሰው። እኛ ቆፍረን እናወጣዋለን። ነገር ግን ሌላ ዕቃ ከተጫነበት፣ ዘፈን በለው፣ ቪዲዮ በለው፣ ያኔ የታችኛው ይበላሻል። ማንም አያወጣውም። ገባህ?… ጎሽ።

— እንግዲህ አንድ ነገር ንገረኝ። ስልኩ የት ነው ያለው?… እጅህ ላይ… እጅህ ላይ ማለት?… በእሱ ነው እንዴ አሁን የምታናግረኝ?!…

— ካርድ ስላለበት?!… ያንተ ካርድ አልቆ፣ ይሄኛው ላይ ስለተረፈ… ኧረ ጉድ! ኧረ የጉድ አገር!… ቅድስት! ቅድስት ነይ እስቲ! ማስረጃውን ጆሮው ላይ ለጥፎ እያናገረኝ ነው!… አሠልጣኛችን ናት ሙባሪክ… እህ?… ጥሪ ያን ያህል አይጎዳውም ትልሃለች። እንዳትዘጋው፣ ከዘጋኸው መልሼ ላላገኝህ እችላለሁ። ብቻ ምንም ነገር እንዳትነካካ። እስካሁን የጫንክበት አለ?… የለም። ተመስገን…

— ዛሬ ሊጫንልህ ነው? ማን ነው የሚጭንልህ?… እሱ? ራሱ ሰውዬው?!… «ለእርቃችን ብዬ መንዙማ ሙልት አድርጌ በነፃ እጭንልሃለሁ፣ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ» አለህ… ሙባሪክ። አንተ እኮ መሬት አይተህ ፈንጂ ያለበትን የምታውቅ ሰው ነበርክ! ይሄ አልሸተተህም?… ደግነት ነው?! ሙልት አድርጎ የሚጭንልህ የታችኛው ተበላሽቶ እንዲቀር ነው እኮ! ሥራው አይደለም እንዴ? ይሄን ነገር ከእኔ በፊት ያውቀዋል። እናንተ ይቅር አላችሁት፣ እሱ ደግሞ በመንዙማ ሊቀብራት ነው!…

— እንግዲያው እንዳትሰጠው። ባትሪውን አውጣና ቆልፈህ አስቀምጠው። እኔና ቅድስት አንዲት ሴት ፖሊስ ይዘን በጉብሬ መንገድ ዛሬውኑ እንደርሳለን… አትችልም? ለምን አትችልም?… አንተም ማልክ። «ነገሩን ዳግመኛ ላልቀሰቅስ» ብለህ…

— አውቃለሁ… አውቃለሁ፣ ቃል ያፈረሰ ሰው ቀባሪ የለውም፣ ልጆቹንም የሚያገባ የለም። እዚሁ አገር ነው ያደግኩት፣ አታስተምረኝ… አንተ ምን ያስቆጣሃል? መቆጣት ያለብኝ እኔ! አዎ፣ ተሸክመህ አውጥተኸኛል። ለምን አወጣኸኝ ታዲያ? ይሄን ሰምቼ ዝም እንድል?… ደግሞ እሷ ብቻ ትመስልሃለች? እንደዚህ ያለ ሰው በአንድ ልጅ ያቆማል? የሌላ ሰው ልጅ አለችበት እኮ እዚያ ውስጥ። የጦር ሜዳውን ረስቼው አድራለሁ ሙባሪክ፣ ይሄን ግን አልችልም…

— ቆይ። ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እትዬ ዘይባ ሽምግልናው ላይ ተቀምጠዋል?… ሴት አትቀመጥም። በእሳቸው ፈንታ አንተ ነህ የተቀመጥከው። የማልከውስ?… ብቻህን። እሳቸውን ያስማላቸው ሰው የለም?… ልጅቷንስ የጠየቃት አለ?… የለም። እንግዲያውስ አንተ ቃልህን ጠብቅ። ምንም አትናገር፣ ምንም አትንካ። ስልኩን ብቻ ለእህትህ ስጣቸው፣ አጠገብህ ናቸው አይደል?… ስልክ ማቀበል ክልክል ነው ብለዋል ሐጂ ጀማሉ? አላሉም! ስጣቸው በቃ!…

— እትዬ ዘይባ… ደህና ነዎት?… ሀብቴ ነኝ፣ አዎ፣ ሆስፒታል ሳለሁ ምግብ ያመላልሱልኝ የነበረው… ስጮህ ያልኩትን ሰሙ አይደል?… አዎ። አልጠፋም… ይወቁ ብዬ ነው እንጂ ላስለቅስዎ አይደለም። ብዋሽዎ ዛሬ ይተኛሉ፣ እሱም ይተኛል። እሱ እንዲተኛ አልፈልግም።

— እ… አዎ። ፎቶው ሳይታይ አይወጣም፣ ሰው ማየቱ አይቀርም… እኔ?… ገባኝ… ገባኝ እትዬ ዘይባ። ቤትዎ ስመጣ እጄን የምታስታጥበኝ ልጅ ናት። እኔ ካየሁት ዳግመኛ ቀና ብላ አታየኝም። ልክ ነዎት…

— እኔ እንግዲህ ይሄን ሥራ… አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይምጣ እያልኩ ነው የከረምኩት። የመጀመሪያው ይሄ መሆኑ… ይሁን። አልነካውም። ቅድስት ናት የምታወጣው። ሴት ናት፣ ቡታጅራ ዘመድም የላት፣ ወሬም የላት። እኔ ከበር ውጭ እቀመጣለሁ… ልማልልዎ? የእኛ እምነት መሐላ አይወድም፣ ለእርስዎ ግን… ወላሂ። ይኸው፣ ጴንጤውን ወላሂ አስባሉት…

— ጎረቤት ይሰማል… ማን ያገባታል… እትዬ ዘይባ፣ ሰባተኛ ክፍል ናት እኮ! ደብተሯን ትያዝ እስቲ!… አልተቆጣሁም። ተቆጥቻለሁ፣ በእርስዎ ግን አይደለም። በሱቁ፣ በጣቢያው፣ በሽምግልናው፣ በሁሉም… እሱ የላከው ሰው መጥቶ ሲወስደው ነው የሚያበቃልን። ከዚያ በኋላ እኔም፣ ቅድስትም፣ መንግሥትም ቢመጣ ምንም ማድረግ አይችልም… አላስገድድዎትም። እንዴት አድርጌ አስገድድዎታለሁ?…

— እትዬ ዘይባ?… ሄሎ?… ሙባሪክ፣ አትጩህባቸው፣ እሰማሃለሁ!… ሄሎ?… ማነው የያዘው?…

— አንቺ ነሽ?… ስምሽን አትንገሪኝ፣ በድምፅሽ አውቄሻለሁ። ጋሽ ሀብቴ ነኝ… ሁሉንም ስትሰሚ ነበር?… እህ?… አልሰማሁሽም የኔ ልጅ፣ ድገሚልኝ…

— ጓደኛሽም አለችበት።… እሷ እስካሁን ለማንም አልተናገረችም… አይ፣ አይ፣ የእሷንም ስም አትጥሪው። ገብቶኛል… ምን አልሽ?… ጀርባው በየት በኩል ነው የሚከፈተው?…

— ተረፈ፣ ዝም በሉ፣ ሁላችሁም ዝም በሉ!… ስሚኝ። ከሥሩ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፣ በጥፍርሽ ፈልጊያት… አገኘሻት? ወደ ላይ ሳቢው… አይሰበርም፣ አትፍሪ፣ ጠንከር አድርጊ… ተነሳ? ባትሪው ይታይሻል?… እሱን ነው። እሱን ስታወጪው መስመሩ ይቋረጣል፣ እንዳትደነግጪ። ስልኩንም ባትሪውንም ለእናትሽ ስጪ፣ ከጡታቸው ሥር ያድርጉት፣ ለማንም እንዳይሰጡ፣ ለአጎትሽም ቢሆን። እኛ መጥተን…

— ሄሎ?

— ሄሎ?… የኔ ልጅ?…

— ቆዩ፣ ልደውል። ዝም በሉ እስቲ…

— «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።» ቅድስት፣ ስሚልኝ፣ ጆሮሽን አምጪ! ማግኘት አይችሉም አለችኝ!… ደግመሽ በይው እመቤቴ፣ ደግመሽ በይው!… አይ ተረፈ፣ እናትየዋ አይደሉም። አጎትየውም አይደለም። ልጅቷ ናት። በገዛ እጇ አወጣችው… ምን ታፈጥብኛለህ? አለቀስኩ፣ አዎ። ክራንቼን አቀብለኝና ከጣቢያው አንዲት ሴት ፖሊስ ጥራልኝ። ሰውዬው ሳይልክ ቡታጅራ መድረስ አለብን።